ዊልቸር ይዞ ጫካ ውስጥ ወዳለ ሐይቅ፦ ውሃው ዳር ድረስ እንዴት ይደረሳል?

እኔና እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫካ ውስጥ ያለ ሐይቅ ለማየት የሄድን ቀን ውሃው ዳር ሳንደርስ ነው የተመለስነው። እህቴ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ከመሄዳችን በፊት ደውዬ "መንገዱ ለዊልቸር ይሆናል ወይ?" ብዬ ጠይቄ ነበር። "አዎ፣ ምንም ችግር የለውም" አሉኝ። አልዋሹኝም። መንገዱ ሰፊና ሜዳ ነው። ችግሩ መግቢያው ላይ ነበር። ሞተር ሳይክል እንዳይገባ ተብሎ ሁለት የብረት ምሰሶ ተተክሏል። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከዊልቸሩ በአራት ጣት ይጠባል። በዛፎቹ መሃል ውሃው ሲያብለጨልጭ ይታየናል። ግን አንደርስበትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐይቅ አብረን አይተናል። "ተደራሽ ነው" መባሉን ብቻ ሰምቶ መነሳት እንደማይበቃም ተምረናል። ቁጥር መጠየቅ ያስፈልጋል። መንገድ ደግሞ የሚለካው በጥሩው ቦታ ሳይሆን በጣም በከፋው ቦታ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር የተመቸ መንገድ ላይ አንዲት ደረጃ ካለች፣ ለእህቴ መንገዱ እዚያችው ደረጃ ላይ አለቀ።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለዊልቸር ተጠቃሚዎችና አብረዋቸው ለሚሄዱ ነው። ምርኩዝ ለሚይዙ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንቶችና የሕፃን ጋሪ ለሚገፉም አብዛኛው ይሠራል።

1. ከመነሳታችሁ በፊት ቁጥር ጠይቁ

"ምቹ ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ የሰውየውን ግምት ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ደፍ አያስታውሰውም። ተራምዶት አልፏል። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ "ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ድረስ በጣም ጠባቡ ቦታ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?" በር፣ ድልድይ፣ ምሰሶ ሁሉ ይቆጠራል።

አብዛኛው በእጅ የሚነዳ ዊልቸር ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ጎማውን የሚያሽከረክረው እጅ ደግሞ በሁለቱም በኩል ትንሽ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ 90 ሴንቲ ሜትር ዝቅተኛው ነው ብላችሁ ያዙ። ዞሮ ለመመለስ ወደ 150 ሴንቲ ሜትር ይፈለጋል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የእግር መንገድ መመሪያ ዝቅተኛውን ስፋት 91 ሴንቲ ሜትር አድርጎታል። መንገዱ ከአንድ ሜትር ተኩል ከጠበበ ደግሞ ቢያንስ በየ300 ሜትሩ መተላለፊያ ቦታ እንዲኖር ይጠይቃል። የትም አገር ብትሆኑ እነዚህ ቁጥሮች ለመነሻ ጥሩ ናቸው። የራሳችሁን ወንበር ግን በሜትር ለኩት። እኛ የእህቴን ወንበር ስፋት ስልኬ ላይ ጽፈን ይዘነዋል።

ቀጥሎ ዳገቱን ጠይቁ። "ትንሽ ዳገት አለው" ማለት ምንም ማለት አይደለም። የአንዱ ትንሽ የሌላው ተራራ ነው። በመቶኛ አስቡት። አንድ ሜትር ስትሄዱ መሬቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 5 በመቶ ነው። እሱ ረጅም ርቀት ቢሄድም ይቻላል። ያው መመሪያ ከ5 በመቶ በላይ እስከ 8 በመቶ ገደማ የሆነውን ዳገት የሚፈቅደው ሳያርፉ እስከ 61 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። እስከ 10 በመቶ ለሆነው 9 ሜትር፣ እስከ 12 በመቶ ለሆነው 3 ሜትር ብቻ ይፈቅዳል። ዳገቱ በጨመረ ቁጥር ርቀቱ እንዴት በፍጥነት እንደሚያጥር አያችሁ? እጃችሁም ልክ እንደዚያ ነው የሚደክመው።

ቦታው ላይ ያለው ሰው መቶኛውን ላያውቅ ይችላል። ስልኩን መንገዱ ላይ ጋደም አድርጎ ውሃ ልኩን፣ ማለትም መዝመሙን በዲግሪ የሚያሳየውን፣ እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ብዙ ስልኮች ላይ አለ፤ ከሌለም አፕሊኬሽኑ በነፃ ይገኛል። 3 ዲግሪ ማለት ወደ 5 በመቶ ነው። 5 ዲግሪ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል።

ስለ መሬቱ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። "ዝናብ በዘነበ ማግስት የሕፃን ጋሪ ይገፋበታል?" እዚህ ላይ ሰዎች ቆም ብለው ያስባሉ። አስፋልትና በደንብ የተጠቀጠቀ ደቃቅ ጠጠር ጥሩ ነው። ልቅ ጠጠርና አሸዋ ትንንሾቹን የፊት ጎማዎች ይውጣል። የእንጨት ፍቅፋቂ የተነጠፈበት መንገድም እንደዚያው ነው። ለእግር ይለሰልሳል፣ ሲያዩትም ያምራል፣ ለጎማ ግን እንደ አሸዋ ነው።

መጸዳጃ ቤቱን ሳትረሱ ጠይቁ። የበሩን ስፋት፣ ደፍ መኖር አለመኖሩን፣ በተለይ ደግሞ ክፍት መሆኑን። ቁልፍ ያለው ሰው ቅዳሜና እሁድ የማይገባበት ቦታ አጋጥሞናል።

ፎቶ ማየትም ይረዳል። ሰው የለጠፈውን ፎቶ ስታዩ ሐይቁን ሳይሆን መሬቱን እዩ። ከሰዎቹ እግር ሥር ያለው ጠጠር ነው፣ ጭቃ ነው፣ የዛፍ ሥር ነው?

2. ወንበሩን አሰናዱ

ይህን የምታደርጉት በዋዜማው እንጂ መኪና ውስጥ ሆናችሁ አይደለም።

ነፋስ የሚሞላ ጎማ ከሆነ ጎማው ጎን ላይ በተጻፈው ልክ ሙሉት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የብዙ ዊልቸር ፍሬን የሚሠራው የጎማውን ላስቲክ ተጭኖ ነው። ጎማው ከላላ ፍሬኑም አይይዝም። ቤት ውስጥ ወለል ላይ አይታወቅም። ውሃ ዳር ተዳፋት ላይ ስትቆሙ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ከሞላችሁ በኋላ ፍሬኑን ያዙና ወንበሩን በኃይል ግፉት። ከተንቀሳቀሰ አስተካክሉት።

የፊት ጎማዎቹ መዞሪያ ላይ ፀጉርና ክር ይጠመጠማል። አውጡት። ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ፓምፕ፣ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ለወንበሩ ብሎኖች የሚሆን ብሩጎላ፣ ጨርቅና ሁለት ፌስታል ያዙ። ጨርቁ የእጅ መግፊያውን ለማድረቅ ነው። እርጥብ መግፊያ ቁልቁለት ላይ ከእጅ ያመልጣል።

ከእግር ማስቀመጫው ጋር የሚያያዝና የፊት ጎማዎቹን ከመሬት የሚያነሳ አንድ ትልቅ ጎማ አለ። ጫካ ለሚያዘወትር ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላየሁም። ካገኛችሁ ተውሳችሁም ቢሆን ሞክሩት። በባትሪ የሚሄድ ወንበር ከሆነ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ዳገት፣ ለስላሳ መሬትና ብርድ ባትሪውን በፍጥነት እንደሚጨርሱት አስቡ። አምራቹ የሚነግራችሁ ርቀት የሜዳ ርቀት ነው።

3. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ጠዋት ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ሐይቅ ጠዋት ላይ ይረጋጋል፤ ነፋሱ የሚነሳው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው። ውሃው ሲረጋ ዛፎቹ ተገልብጠው ይታያሉ። ሰውም አይበዛም፤ ጠባብ መንገድ ላይ መተላለፍ አያስቸግርም።

ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ይሻላል። የሐይቅ ዳር መሬት ቶሎ አይደርቅም። የጣውላ መንገድ ካለ ደግሞ እርጥበቱ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ያበቅልና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ቅጠሉ ሥሩንና ጉድጓዱን ይሸፍናል። ቀስ በሉ።

4. ለሰውነት የሚያስፈልገው

የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው፣ በተለይ ጉዳቱ ከፍ ካለ፣ ሰውነቱ በደንብ ላያልበው ይችላል። ስለዚህ ሙቀት ቶሎ ያጠቃዋል፣ ብርድም እንደዚያው። ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ኮፍያና አንድ ተጨማሪ ልብስ ያዙ። ፀሐይ ከላይ ብቻ አይደለም የምትመጣው፤ ከውሃውም ላይ ተንጸባርቃ ፊትን ታቃጥላለች።

ረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደቱን ከመቀመጫው ማንሳት ወይም ወደ ጎን ማዘንበል አለበት። ያለዚያ ቆዳ ይቆስላል። ሻካራ መንገድ ላይ መንገጫገጩ ይህን ያብሰዋል። በጨዋታ መሃል ይረሳል፤ እኛ ስልክ እናስጮሃለን።

ውሃ መጠጣትን መጸዳጃ ቤት ፈርታችሁ አትቀንሱ። እህቴ ለዓመታት እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ማታ ራሷን ያማት ነበር። መጸዳጃ ቤቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

5. መንገዱ ላይ

አንድ ነገር አስቡ። ሐይቅ የሚተኛው በአካባቢው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው። ስትሄዱ "እንዴት ቀላል ነው!" ትላላችሁ። ከጉልበታችሁ ወይም ከባትሪው አንድ ሦስተኛው ካለቀና ውሃው ካልደረሰ ቆማችሁ ተነጋገሩ። ግማሹ እስኪያልቅ መጠበቅ ለመመለሻ አይበቃም።

ከመኪና ስትወርዱ ሁላችሁም በአንዴ ጓዝ ይዛችሁ አትነሱ። አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ መግቢያውንና የመጀመሪያውን 50 ሜትር ያያል። የሚያስቸግረው በር፣ ምሰሶና ደፍ ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው።

ከዚያ ጠይቁ። "ልግፋ?" ብላችሁ። ዊልቸሩ ላይ ያለው ሰው "አይ" ካለ አይ ነው። እህቴን ከምንም በላይ የሚያናድዳት ሳታስበው ከኋላ እጀታውን የሚይዝ ሰው ነው። ለመርዳት መሆኑን ታውቃለች። ግን ወንበሩ ለእሷ እግሯ ነው። ማን ነው ሳይጠይቅ የሰው እግር የሚያነሳ?

ዳገት ላይ ገፊው ከኋላ ሆኖ፣ ክንዱን ሳያጥፍ በሰውነቱ ክብደት ይግፋ። በክንድ ብቻ ከገፋችሁ አምስት ደቂቃ አትቆዩም። በጣም ያዘቀዘቀ ቁልቁለት ላይ ወንበሩን አዙሩት። ተቀማጩ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ፣ ገፊው ከታች ሆኖ ወደ ኋላ በዝግታ ይውረድ። ፊት ለፊት ከወረዳችሁ ሰው ከወንበሩ ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል።

ልቅ ጠጠር ወይም አሸዋ ሲያጋጥም የፊት ጎማዎቹን አንሱ። ከኋላ በታች በኩል ያለችውን መርገጫ በእግር ተጫኑና ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሙት። ከዚያ በሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ብቻ ግፉ። ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የሚከለክሉ ትንንሽ ጎማዎች ካሉ ቀድማችሁ ወደ ላይ አንሷቸው። ከማጋደማችሁ በፊት ሁልጊዜ "ላጋድም ነው" በሉ። ሌላው መንገድ ዞሮ ወደ ኋላ መጎተት ነው። ትልልቆቹ ጎማዎች ይቀድሙና መሬቱን ይከፍታሉ። ከባድ የባትሪ ወንበር ግን በፍጹም ለማጋደም አትሞክሩ፤ መለስ ብሎ ሌላ መንገድ መፈለግ ይሻላል።

አሁን ስለ ዛፍ ሥር። ውሃ ዳር ያለ አፈር እርጥብ ነው። ሥር አየር ስለሚፈልግ ወደ ጥልቀት አይወርድም፤ ከላይ ከላይ ይሄዳል። የሐይቅ ዳር መንገድ እንደ ደም ሥር የተነፋፋው ለዚህ ነው። አስፋልቱንም ሳይቀር ያነሳዋል። ሥሩን በሰያፍ ካለፋችሁት አንደኛው የፊት ጎማ ቀድሞ ይመታና ወንበሩ ይጠማዘዛል። ፊት ለፊት፣ በቀጥታ፣ ሁለቱም ጎማ እኩል ሲነካ እለፉት።

የጣውላ መንገድ ላይ ጣውላዎቹ እንዴት እንደተነጠፉ እዩ። ለመንገዱ አግድም ከሆኑ ጥሩ ነው፤ ጎማው ያንኳኳል እንጂ አይገባም። በርዝመቱ የተነጠፉ ከሆኑ ቀጭኑ የፊት ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የጠቀስኩት መመሪያ ክፍተቱ ከ13 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። የትንሿ ጣታችሁ ውፍረት ያህል ነው።

አንድ የማይታይ ችግር አለ። የጎን ተዳፋት። መንገዱ ውሃ እንዲያፈስ ወደ ሐይቁ በኩል ትንሽ ያዘነብላል። በእግር ለሚሄድ አይታወቅም። ዊልቸሩ ግን ያለማቋረጥ ወደ ውሃው ይጎትታል። ተቀማጩ በአንድ እጁ ብቻ እየታገለ ነው የሚሄደው። እህቴ "ግራ እጄ ሞተ" ስትል መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አሁን እንደዚህ ያለ ቦታ ስንደርስ በውሃው በኩል ጎኗ ሆኜ እሄዳለሁ፣ እጄንም ክንድ ማሳረፊያው ላይ አደርጋለሁ። በርግጥ ጠይቄ ነው።

ማየት ከማይችል ሰው ጋር ከሆናችሁ እናንተ አትያዙት፤ እሱ ክርናችሁን ይያዝ። ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ሂዱ። ሥር ወይም ደፍ ሲመጣ "ከፍ ይላል"፣ "ዝቅ ይላል" በሉ። ጫካው አልቆ ሐይቁ ሲከፈት ድምፁ ይለወጣል። ነፋሱ ፊት ላይ ይመጣል፣ የወፎቹ ድምፅ ይርቃል። ብዙ ጊዜ ከእናንተ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። እዚያ ላይ አትናገሩ፤ ያዳምጥ።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወደ መኪና ወይም ቤት ግቡ። ረጅም ዛፍ ሥር መጠለያ አይደለም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

6. ውሃው ዳር

መጀመሪያ ፍሬን። ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ውሃው ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን አድርጉት። ፍሬኑ ቢለቅ እንኳ ወደ ውሃው አይሄድም። ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ አያስቀይምም። ተንሳፋፊ መድረክ ከሆነ ደግሞ መግቢያው ላይ ያለው ተዳፋት ከውሃው ከፍታ ጋር ይለወጣል። ባለፈው ወር ሜዳ የነበረው ዛሬ ዳገት ሊሆን ይችላል። ጀልባ ላይ ከወጣችሁ ተንሳፋፊ ጃኬት ይለበስ፤ ሰውን ከወንበሩ ጋር የሚያስረው ቀበቶ ደግሞ ይፈታ።

ከዚያ ቁጭ በሉ። እውነቴን ነው፣ መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከመሬት ከ110 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአጥሩ የላይኛው ብረት እዚያው ላይ ያልፋል። ቆማችሁ "እንዴት ያምራል!" ስትሉ እሱ የሚያየው ብረት ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ያወቅኩት እህቴ ዝም ስትል ጎንበስ ብዬ በእሷ ዓይን ሳይ ነው። ሐይቁ በአግድም ተቆርጦ ነበር። አሥር ሜትር ወደ ቀኝ ሄድን። እዚያ አጥር የለም፤ ጠርዙ ላይ ጎማ የሚያቆም ወፍራም ግንድ ብቻ ነው ያለው። ዳክዬዎቹ ከሸምበቆው ውስጥ አንድ በአንድ ሲወጡ እሷ ናት ቀድማ ያየችው።

እጅ ወይም እግር ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ውሃውን እዩ። ላዩ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ የሚመስል ነገር ካለ አትንኩት። መርዝ ሊያመነጭ የሚችል አልጌ ነው፤ ለውሻም አደገኛ ነው። ሞቃት አገር ከሆነ ቢልሃርዝያ ያለበት ሐይቅ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። እግሩ ላይ ስሜት የሌለው ሰው ደግሞ ስለታም ድንጋይ ቢቆርጠው አይታወቀውም። ጫማ ያድርግ፣ ሲወጣም እግሩን እዩለት።

ለዳክዬዎቹ ዳቦ አትወርውሩ። የተረፈው ውሃው ውስጥ ይበሰብስና ያንኑ አልጌ ይመግባል።

7. ስትመለሱ

ቤት ስትገቡ ቆዳን እዩ። መጀመሪያ መቀመጫ አካባቢ መቅላት መኖሩን፣ ቀጥሎ መዥገር። መዥገር ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት ውስጥና የቀበቶ መስመር ላይ ይወዳል። ጎማዎቹን እጠቡ፤ ጭቃው ከደረቀ የፊት ጎማዎቹን መዞሪያ ይይዛል።

የለካችሁትን ደግሞ ጽፋችሁ ለቦታው ኃላፊዎችም ለሌሎች ጎብኚዎችም አድርሱ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 30 የመዝናኛና የቱሪዝም ቦታዎች ተደራሽ እንዲሆኑ ስምምነቱን የተቀበሉ አገሮችን ያስገድዳል። ስለዚህ የምትጠይቁት መብት ነው፤ አንገታችሁን አትድፉ። እኔ ስለዚያ የብረት ምሰሶ ደብዳቤ የጻፍኩት ከፎቶና ከሜትር ልክ ጋር ነው። ከአራት ወር በኋላ አንደኛውን ምሰሶ ነቀሉት። እህቴ ማስታወሻዋ ላይ አሮጌውን ቁጥር ሰርዛ አዲሱን ጻፈች፦ "መግቢያ 104 ሴንቲ ሜትር። ከመኪናው እስከ ውሃው 380 ሜትር። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሥር አለ፣ በቀጥታ እለፉት። ከአጥሩ በስተቀኝ ተቀመጡ።"